የወንድሜን አጀብ በባቡር ጌም የመራሁ እኔ ነኝ

ኧረ ጎበዝ፣ ዛሬ የሠራሁትን ስትሰሙ ግማሻችሁ ከጓደኛ ዝርዝራችሁ ታወጡኛላችሁ። ግማሻችሁ ደግሞ «ማስረጃ የለህም» ትሉ ይሆናል።

ማስረጃ አለ። ቪዲዮ አለ! በሁለት ካሜራ አይደለም እንጂ ሙሉውን ነው የተቀረጸው።

ይህን የምጽፍላችሁ ከሰርጉ ድንኳን ጀርባ፣ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ወንድሜ ከሙሽራዋ ጋር ተቀምጧል። እኔ እዚህ የተደበቅኩት፣ ያየኝ ሁሉ «ባቡሩ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» እያለ መላ ስላሳጣኝ ነው።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ቶሌራ እባላለሁ። አምቦ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ደንበኛ ሲጠፋ ጌም እጫወታለሁ፤ ደንበኛ ደግሞ እግዜር ይስጠው ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ጌሙ የባቡር ነው። ሐዲድ ትዘረጋለህ፣ ጣቢያ ትሠራለህ፣ ባቡር ገዝተህ ሰውና ዕቃ ታመላልሳለህ። የከተሞቹን ስም መቀየር ስለሚቻል እኔ አምቦ፣ ጊንጪ፣ ጎጆ ብያቸዋለሁ። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ከአምቦ ጎጆ ድረስ ባቡር ከገባ ቆየ፣ እናንተ ገና በሚኒባስ ትጋፋላችሁ!

በነገራችን ላይ ባቡር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ይሄ ይመዝገብልኝ።

ታዲያ መጀመሪያ ላይ አራት ባቡር ገዛሁና ባንዴ ለቀቅኳቸው። ተከታትለው ወጡ። የፊተኛው ጣቢያ ላይ ያገኘውን ሰው ጠራርጎ ይጭናል፤ የኋለኞቹ ባዶ ወንበር ይዘው ይከተሉታል። ጎጆ ሲደርሱ ደግሞ መቆሚያው አንድ ብቻ ስለሆነ ሦስቱ ቀይ መብራት ላይ ተኮልኩለው ይቆማሉ።

መድኃኒቱ ማራራቅ ነው። ለእያንዳንዱ ባቡር የመነሻ ሰዓት ትሰጠዋለህ። የቀደመ እንደሆነ መሃል ጣቢያ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ይጠብቃል፤ የዘገየ እንደሆነ እዚያው በተተወለት ትርፍ ሰዓት ያካክሳል። ይህን ካወቅኩ በኋላ ባቡሮቼ አንዱ ሲወጣ አንዱ እየገባ፣ ማንም ማንንም ሳይጠብቅ፣ እንዲያው ደስ እንዳሉ ይመላለሱ ጀመር። እነሱን እያየሁ ምሳ የረሳሁበት ቀን አለ።

ከዚያ ወንድሜ ሊያገባ ሆነ።

ገመቹ ታላቄ ነው፤ ቤት ውስጥ ገሜ ነው የምንለው። ጤና ጣቢያ ነው የሚሠራው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ደብተር የገዛልኝም፣ ትምህርት ቤት ወላጅ አምጣ ስባል የመጣልኝም እሱ ነው። ሌንሴ የምትባል የጎጆ ልጅ ወደደ፤ ሽማግሌ ላከ።

የሌንሴ አጎት ኦቦ ሁንዴ ሽማግሌዎቹን በደንብ ተቀበሉ። አበሉ፣ አጠጡ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ልጁስ ደህና ልጅ ነው። ግን ሰው አለው?»

ሰው አለው ወይ ማለት ገባችሁ አይደል? ከኋላው የሚቆም ዘመድ አለው ወይ፣ ነገ ልጃችን ብትከፋ የምናናግረው አለ ወይ ማለት ነው። አባታችን ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ አስተማሪ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ዘመድ የምንለው ጥቂት ነው። ሽማግሌዎቹ እንደምንም ብለው አሳመኑ። ያቺ ጥያቄ ግን ወንድሜ ጆሮ ደረሰች።

ገሜ ሰው ይሰበስብ ጀመር። የጤና ጣቢያ ባልደረቦቹን፣ ጎረቤቱን ሁሉ፣ የአባታችንን የድሮ ተማሪዎች፣ የቤተክርስቲያናችንን ኳየር በሙሉ ለመነ። ሙሽራዋን ልናመጣ የምንሄደው ብቻ አራት መኪና ሞላን።

«ቶሌ፣» አለኝ አንድ ቀን፣ «ኦቦ ሁንዴ በራቸው ላይ ቆመው ይሄን ሁሉ ሰው ይዩልኝ። ከሰርጉ ከዚህ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ልብ በሉልኝ። ሰውየው የጠየቀው ነገር ይሄ ብቻ ነው።

የሰርጉ ኮሚቴ ትራንስፖርቱን ለእኔ ሰጠኝ። ለምን? ኮምፒውተር ስለምችል! መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ ብስክሌት ስነዳ እንኳ አጥር ውስጥ ነው የምቆመው፤ ግን ኮምፒውተር እችላለሁ።

ስብሰባው ላይ አንዱ ሰው፣ የሌንሴ ቤት መግቢያ በጣም ጠባብ ነው፣ አንድ መኪና ገብቶ ዞሮ ካልወጣ ሌላው አይገባም አለ። ያለፈው ሰርግ ላይ መኪናው ሁሉ ባንዴ ገብቶ ተቀርቅሮ፣ ሚዜዎቹ በነጭ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ እንደወረዱም ተነሳ።

ሌላው ሰው ሲጨነቅ እኔ ደስታ በደስታ ሆንኩ። ይሄማ የእኔ ጣቢያ ነው! መቆሚያ አንድ፣ ባቡር አራት!

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ታይምቴብል ሠራሁ። አንደኛው መኪና ሙሽራው፣ እኔና ካሜራማኑ። ሁለተኛው እማዬና ሽማግሌዎቹ። ሦስተኛው ኳየሩ። አራተኛው ሚዜዎቹና የቀረው ሰው። በመሃላቸው ሃያ ሃያ ደቂቃ። ጊንጪ ላይ ደግሞ ቀድሞ የደረሰ ቆሞ ሰዓቱን እንዲጠብቅ አዘዝኩ።

ሰዉን በዓይነት በዓይነቱ ነው የለየሁት። ጌሙ ላይ የሰው ፉርጎና የበግ ፉርጎ አይቀላቀልም!

በከለር አተምኩት። ላሚኔት አደረግኩት። ኮሚቴው ላሚኔቱን ሲያይ አጨበጨበ። እዚህ አገር ደግሞ በፕላስቲክ ከታሸገ ወረቀት ጋር የሚከራከር ሰው የት አለ? ገሜ ራሱ በጨረፍታ አየት አድርጎ «አንተ ታውቃለህ» ብሎኝ ወደ ሱፍ ልኬቱ ሄደ።

የተቃወሙኝ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

እማዬ «ልጄን ብቻውን አስቀድሜ እኔ ኋላ ልቅር?» አለችኝ።

«እማ፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ እኮ ነው!» አልኳት።

የሁለተኛው መኪና ሾፌር ደግሞ ወረቀቱን ገልብጦም አየው። «ከፊቴም ከኋላዬም መኪና ከሌለ ክላክሱን ለማን ነው የምነፋው?» አለኝ።

«ክላክስ አያስፈልግህም። መንገዱ ነፃ ነው» አልኩት።

ወገን፣ ሰርግ ላይ ክላክስ አያስፈልግም ያልኩ ሰው ነኝ! እንዴት ዝም አላችሁኝ?

ዛሬ ጠዋት እኔ እጄን ሳውለበልብ አንደኛው መኪና ወጣ። እማዬ በሁለተኛው መኪና መስኮት አንገቷን አውጥታ እያየችን ቀረች። እኔ ሰዓቴን ነበር የማየው። በሰዓቱ ነው የወጣነው፤ በአምቦ ታሪክ በሰዓቱ የወጣ ሙሽራ እኔ አላውቅም።

መንገድ ላይ ማንም ዞሮ አላየንም። አበባ የተለጠፈባት አንዲት መኪና ብቻዋን፣ ያለ ጩኸት ስትሮጥ፣ ጋራዥ የምትሄድ ነው የምትመስለው። አንዲት ድንች የተሸከመች ሴትዮ ብቻ ቆም ብላ አየችን፣ ከኋላችን ሌላ ይመጣ እንደሆነ ጠበቀች፣ ሲጠፋ ትታን ሄደች።

«ሌሎቹ የት ደረሱ?» ይላል ገሜ።

«በሰዓታቸው ናቸው» እላለሁ።

ጊንጪን አልፈን ወደ ጎጆ ታጠፍን። መንገዱ ይንጠን ጀመር። ኔትወርኩም እዚያው ተሰናበተን። ገሜ ሁለት ሦስቴ ደወለ፤ ያቺ የስልክ ሴትዮ ብቻ ነች የምትመልስለት።

ጎጆ ስንገባ ጭጋግ ነበር፤ ብርዱ ሱፍ አያውቅም። የሌንሴ ቤት በር ላይ ሴቱ ወንዱ ተሰብስቧል፣ ከበሮ ይመታል። እንደምታውቁት የሙሽራዋ ወገን በሩን ይዞ እየዘፈነ አናስገባም ይላል፤ የሙሽራው ወገን ደግሞ እየዘፈነ፣ እየተጋፋ፣ እየሳቀ በሩን ያስከፍታል። ደምቡ ይሄ ነው። በዘፈን ነው የሚገባው።

ከመኪናው ወረድን። ገሜ። እኔ። ካሜራማኑ።

በቃ።

ሴቶቹ አንዴ እኛን አዩ፣ አንዴ መንገዱን አዩ። ከዚያ በኦሮምኛ እየገጠሙ ወረዱብን። ሙሽራው የመጣው ሚስት ሊወስድ ነው ወይስ መንገድ ጠፍቶት አቅጣጫ ሊጠይቅ ነው? እናቱ ከብት ስትጠብቅ ነው የቀረችው? ሚዜዎቹን ለሌላ ሰርግ አከራያቸው እንዴ? አንዷ ጨርሳ ሌላዋ ትቀበላለች።

መልስ መስጠት ነበረብን። ሙሽራ ለራሱ አይዘፍንም። ካሜራማኑ ደግሞ ካሜራውን ይዟል።

እኔ ቀረሁ!

ጎበዝ፣ እኔ ከኳየር «ለጊዜው አንተ ወንበር ብታደራጅልን» ተብዬ የተሰናበትኩ ሰው ነኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ልጅ ሆነን ሰንበት ትምህርት ቤት የምንዘምራት አጭር መዝሙር። እሷ ደግሞ የእጅ እንቅስቃሴ አላት። ያለ እጅ እንቅስቃሴ ግጥሙ አይመጣልኝም።

ስለዚህ በእጅ እንቅስቃሴ ዘመርኩ። ብቻዬን። በሱፍ።

ከበሮ መቺዋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ከበሮውን መሬት አስቀመጠችው። ካሜራማኑ ቀረብ ብሎ ፊቴን ወሰደኝ፤ ሥራውን የሚወድ ልጅ ነው፣ አይፈረድበትም።

ይሄኔ ኦቦ ሁንዴ ወጡ። ረጅም ሰው ናቸው፤ በጋቢያቸው ላይ ካፖርት ደርበዋል። ገሜን ሰላም አሉትና ወደ መንገዱ አሻግረው ተመለከቱ።

«ወሪ ኬሳን ኤሳ ጅሩ?» አሉ። ሰዎቻችሁ የት አሉ?

ገሜ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ኮራ ብዬ መለስኩ።

«በየሃያ ደቂቃው አንድ አንድ መኪና ይገባል፣ ኦቦ!»

ኦቦ ሁንዴ እንደገና መንገዱን አዩ።

«ሰርግ በተራ ሆነ እንዴ? እንደ ታክሲ?»

በሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ፈነዳ። እኔ ደግሞ ዝም ብል ምን ነበረበት? ሰውየው ያላመኑኝ ማስረጃ ስላላዩ ነው ብዬ ላሚኔቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። በገዛ እጄ!

ኦቦ ሁንዴ መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚያ ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብለው ያነቡት ጀመር።

አሁን የምነግራችሁን ነገር በዝግታ አንብቡት። ታይምቴብሉን ስሠራ ቃላቶቹን ከጌሙ ነበር የወሰድኩት። ከዚያ መለወጥ ረስቻለሁ።

«ባቡር ቁጥር ሁለት» አሉ ኦቦ ሁንዴ። «ጭነት፦ እናትና ሽማግሌዎች።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ገሜን ትክ ብለው አዩት።

«እናትህን ነው ጭነት ያልካት?»

ወንድሜ ያንን ወረቀት አንብቦት አያውቅም። «እኔን ስላመነ ነው» ማለት ነበረብኝ። ገሜ አንገቱን ደፋ፤ እኔ የሠራሁትን እሱ አፈረበት። እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ ዘፈኑ አይደለም፣ እሱ ነው።

ሃያ ደቂቃው አለፈ። ማንም አልመጣም። ሌላ ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ አሁንም የለም። አንድ የበግ መንጋ መጣ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየና «ባቡር ቁጥር ሁለት ገባ!» አለ።

ማካፋት ጀመረ። ኦቦ ሁንዴ ይሄኔ ድምፃቸው ለስለስ አለ። «ገሊ፣ ኢልማ ኮ» አሉት። ግባ ልጄ፣ ብርድ ነው፣ በቃ ይግባ፣ በሩን ልቀቁለት።

ያዘኑለት ነው፤ እሱ ነው የከፋው። ያለ ዘፈን፣ ያለ ግፊያ፣ በአዘኔታ በር የተከፈተለት ሙሽራ ማን ነው? ሰው የሌለው ነው!

«እናቴ ሳትመጣ አልገባም» አለ ገሜ።

እዚያው ቆመ። ሱፉ ትከሻው ላይ ይረጥባል። እኔ ጃኬቴን ላለብሰው ብሞክር በክንዱ ገፋኝ፤ ፊቱን እንኳ አላዞረም።

በዚህ መሃል የሌንሴ አክስት አዴ ጫልቱ ከበሩ ሰዎች መሃል ወጣች። ቅድም በእናታችን ላይ ያቺን የከብት ግጥም የገጠመችው እሷ ናት። ጃንጥላዋን ይዛ መጣችና አጠገቡ ቆመች።

«ሃርአ አኒ ወራ ኢሳቲ» አለች። ለዛሬ የእሱ ሰው እኔ ነኝ።

ከዚያ ዞራ የገዛ እህቶቿን በዘፈን ትሞልጫቸው ጀመር! እንዲህ ያለ ሙሽራ በዝናብ የምታቆሙ እናንተ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ አለቻቸው። ሁለት ልጃገረዶች ተሻግረው መጥተው ተቀበሉላት። ከበሮውም ተነሳ። ገሜ ዓይኑን በእጁ ጠረገ፤ ዝናቡ ነው እንዳልል ጃንጥላ ስር ነበር።

እኔም ልቀበላት አፌን ስከፍት «አንተ ተው» አለችኝ።

ዘፈኑ በደንብ ሲሞቅ፣ ከታች ከመንገዱ ክላክስ ተሰማ።

አንድ አይደለም። ሦስቱም! ተከታትለው፣ ተነባብረው፣ እንደ እብድ እየጮኹ መጡ። መግቢያው አልበቃቸው ብሎ እዚያው ተቀርቅረው ቆሙ፤ ሰዉም በየበሩ ፈሶ ጭቃው ውስጥ ወረደ።

ምን ሆነው መሰላችሁ? ሁለተኛው መኪና ጊንጪ ቀድሞ ደረሰ። ወረቀቱ ቁም ስለሚል ቆመ። ሦስተኛው ደረሰበት። አራተኛው ደረሰባቸው። ሦስት የሰርግ መኪና አንድ ላይ ቆሞ ሙሽራው የለም! ገሜ ጋ ሲደውሉ ስልኩ አይሠራም። አንዱ ሽማግሌ «ካሜራማኑ ከእሱ ጋር አይደል? ጭልሞ ጫካ ገብተው ፎቶ እየተነሱ ነው» አሉ። ሁሉም አመነ፤ ሙሽራ ሁሉ እዚያ ነዋ ፎቶ የሚነሳው። ሙሽራ ሰዎቹን ጥሎ ብቻውን አማቶቹ በር ሄዷል ብሎ ማን ይጠርጥር? የዓለም ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ቢያስብ ይሄ አይታሰበውም።

ስለዚህ ቁጭ ብለው ጠበቁት። በመጨረሻ እማዬ ናት «ልጄ አንድ ነገር ሆኗል፣ ንዱ» ብላ ያስነሳቻቸው።

እማዬ ከመኪናው ወርዳ ልጇ ከማታውቃት ሴት ጋር ጃንጥላ ስር ቆሞ አየች። እኔን አልፋኝ ሄደች። አዴ ጫልቱን አቅፋ ሳመቻት፤ ሁለቱም እያለቀሱ ነበር። ኳየሩ ከኋላ ሲቀበል በሩ ራሱ የጠበበ መሰለ። ገሜ በሰው ማዕበል ተገፍቶ ገባ፤ ጫማው አንዱ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ እኔ ነኝ ፈልጌ ያመጣሁለት።

ኦቦ ሁንዴ በሩ ዳር ቆመው ሰዉ ገብቶ እስኪያልቅ ተመለከቱ። ሽማግሌውን፣ ነርሱን፣ የአባቴን ተማሪዎች፣ ጎረቤቱን። የመጨረሻው ሰው ሲያልፍ አጠገባቸው ወዳሉት ሰዎች ዞሩና በጣታቸው እኔን አሳዩ።

«ሰውስ ነበረው» አሉ። «የበተነበት ይሄ ነው እንጂ።»

ምን ልበል? ላሚኔት ቢደረግ የሚገባው ይሄ ነው።

ተመልሰን አምቦ ስንገባ ማንም ታይምቴብል አልጠየቀኝም። አራቱም መኪና አፍንጫ ለጅራት ተያይዞ፣ ከተማዋን ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ መንገድ ዘግቶ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ራሱ እያጨበጨበ ነው የገባነው። በጌሙ ቢሆን ኖሮ ጣቢያው በሙሉ ቀይ በርቶ ከኩባንያው እባረር ነበር።

ዓመቱን ሙሉ አንዱ ባንዱ ላይ እንዳይደራረብ ስደክም ከርሜያለሁ። ሰርግ ማለት ሰው በሰው ላይ እንዲደራረብ የሚጠራበት ቀን መሆኑን ማን ይንገረኝ? እማዬ ነግራኝ ነበር፤ ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው አልኳት።

ቅድም ገሜ ከመቀመጫው ተነስቶ እዚህ ድረስ መጣ። ሳህን ይዞልኝ ነው። አልሰደበኝም። «ከነገ ወዲያ መልስ አለ፣ ጎጆ እንሄዳለን» አለኝ። «ለአንተም ሥራ ሰጥቼሃለሁ። ከመኪና ስንወርድ የእማዬን እጅ ይዘህ አብራችሁኝ ትገባላችሁ። ሌላ ምንም እንዳትነካ።»

እሺ ብያለሁ። አንዲት እናት፣ አንድ እጅ፣ አንድ በር። እናንተዬ፣ ይህችን ደግሞ የሚያበላሽ ሰው ይኖራል? መልሱን እንኳ ኮሜንት ላይ እንዳትጽፉት፣ እማዬ የጻፍኩትን አጎቴ ከስልኬ እንዲያነብላት እየፈለገችኝ ነው!